ኒውትሮንን ከጋማ መለየት በፕላስቲክ ሲንቲሌተር፦ ከናስትሮ እስከ ሶፍትዌር

ወሩ ኅዳር ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ በምሠራባት ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ ኒውትሮን (ከአቶም እምብርት የሚወጣ፣ ቻርጅ የሌለው ቅንጣት) አገኘሁ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ክፍሉ ውስጥ ጨረር የሚያመነጭ ምንም ነገር የለም። ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ገደማ የኒውትሮን ቆጠራው ሽቅብ ይወጣል። 12 ሰዓት ሲል ይረጋጋል። ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ግራፍ ሠራሁ። በአራተኛው ቀን ክፍሉን የሚያጸዱልን እናት ገቡና፣ «ልጄ፣ ይቺ ፀሐይ እኮ ዓይንህን ልታጠፋው ነው» ብለው መጋረጃውን ሳብ አደረጉት። ኒውትሮኖቼ በአንድ ጊዜ ድራሻቸው ጠፋ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የምዕራቡ መስኮት ፀሐይ በዚያ ሰዓት በቀጥታ ዲቴክተሩ (የጨረር መቁጠሪያው) ላይ ታርፋለች። ጥቁሩ ናስትሮ የተገናኘበት ቦታ ላይ ፀጉር የማታክል ክፍተት ነበረች። በዚያች ክፍተት የገባው ብርሃን ነው ሦስት ቀን ያቃጠለኝ።

ይህ መመሪያ ሲንቲሌተር በሚባል፣ ጨረር ሲመታው ብልጭ በሚል ፕላስቲክ ኒውትሮንን ከጋማ ስለ መለየት ነው፤ ጋማ ማለት የብርሃን ዘር የሆነ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ጨረር ነው። በዚያች ክፍተት የተነሣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጠባይ አለው። ኒውትሮን የሚመስለውን ሁሉ ይጠረጥራል። መሣሪያውን መገጣጠም ከባድ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት የነጠብጣብ ደመና፣ ከታች የጋማ ከላይ የኒውትሮን የሚባለውን፣ ማየትም ከባድ አይደለም። ከባዱ ላይኛው ደመና እውነት ኒውትሮን መሆኑን ማሳየት ነው።

«ለመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ ኒውትሮን ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ለመንገድ ሥራ የአፈሩን እርጥበትና የታመቀበትን መጠን የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ብዙዎቹ ሁለት የጨረር ምንጭ ይይዛሉ፤ ለጋማ ሲዚየም 137፣ ለኒውትሮን አሜሪሺየምና ቤሪሊየም። ለካንሰር ሕክምና የሚውሉ ሊኒየር አክስለሬተሮችም ከ10 ሜጋ ቮልት ገደማ በላይ ሲሠሩ ሳይፈለግ ኒውትሮን ያወጣሉ። ከሰማይ የሚመጣውም አለ። ኒውትሮን ባለበት ደግሞ ጋማ አይቀርም። ሁለቱ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

ፕላስቲኩ ውስጥ ምን ይሆናል?

ይህችን ክፍል አትዝለሏት። በኋላ የምታስተካክሏቸው ቁጥሮች ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጡት።

ጋማ ፕላስቲኩ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮን መትቶ ያስፈነጥራል። ኒውትሮን ግን ቻርጅ ስለሌለው ኤሌክትሮንን ከጉዳይ አይቆጥርም። የሚመታው የሃይድሮጅንን እምብርት፣ ማለትም ፕሮቶንን ነው። ብይ የተጫወተ ሰው ይህ ይገባዋል። አንዱ ብይ እኩያውን ብይ ፊት ለፊት ሲመታው የመጣው ቀጥ ይላል፤ የተመታው ፍጥነቱን ሁሉ ወስዶ ይሄዳል። ኒውትሮንና ፕሮቶን ክብደታቸው እኩል ለእኩል ስለሆነ እንደዚያው ናቸው። ካርቦንን ሲመታ ግን ትልቅ ድንጋይ እንደመታ ብይ ነው፤ ቢበዛ ከጉልበቱ 28 በመቶ ገደማ ቢሰጥ ነው። ጄምስ ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1932 ኒውትሮንን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነበር። ከፓራፊን ሰም ውስጥ ተፈናጥረው የወጡትን ፕሮቶኖች ለክቶ። መብራት ሲጠፋ የምንለኩሰው ሻማ ሰም ማለት ነው።

አሁን ኤሌክትሮኑና ፕሮቶኑ በፕላስቲኩ ውስጥ ሲያልፉ ብርሃን ይፈጥራሉ። ኤሌክትሮኑ ቀላል ስለሆነ ጉልበቱን በረጅም መንገድ ላይ በትኖ ይጥላል። ፕሮቶኑ ግን አጭር መንገድ ላይ አጭቆ ያራግፈዋል። አጭቆ ሲያራግፍ ትሪፕሌት የሚባሉ የተነቃቁ ሞለኪውሎች ተቀራርበው ይፈጠራሉ። ትሪፕሌት ብቻውን ቶሎ ብርሃን መስጠት አይችልም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው አንዱ ነቅቶ የሚያበራው። እስኪገናኙ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የፕሮቶኑ ብርሃን ቀስ ብሎ የሚጠፋ ጅራት ያወጣል።

ጭብጨባና ደወልን አስቡ። ጭብጨባ ጧ ብሎ ያበቃል። የጊዮርጊስ ደወል ግን ከተመታ በኋላም ፒያሳ ላይ ሲያስተጋባ ትሰሙታላችሁ። ጋማ ወደ ጭብጨባው፣ ኒውትሮን ወደ ደወሉ ያደላል። ልዩነቱ ግን ይህን ያህል ግልጽ እንዳይመስላችሁ። የጋማውም ፐልስ፣ ማለትም ብልጭታው፣ ትንሽ ጅራት አለው። እኛ የምንለየው አጭር ጅራትን ከትንሽ ረዘም ካለ ጅራት ነው።

ማንኛውም ፕላስቲክ አይሆንም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተራ ፕላስቲክ ሲንቲሌተር ፖሊስታይሪን ወይም ፖሊቪኒልቶሉዊን ነው፤ ፒፒኦ የሚባል ብርሃን ሰጪ ኬሚካል በአንድ ወይም በሁለት በመቶ ይጨመርበታል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጥሩም ይቆጥራል። ኒውትሮንን ከጋማ ግን አይለይም። ትሪፕሌቶቹ ተራርቀው ስለሚቀመጡ አይገናኙም።

ለብዙ ዓመታት መለየት የሚፈልግ ሰው ስቲልቢን ክሪስታል ወይም ፈሳሽ ሲንቲሌተር ነበር የሚጠቀመው። ክሪስታሉ ውድና ተሰባሪ ነው። በዛይሊን የሚሠራው የቆየው ፈሳሽ ደግሞ መርዛማ ነው፤ በ26 ዲግሪ አካባቢ እሳት ሊይዝ የሚችል ተን ያወጣል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሻይ ማፍያ አጠገብ የምታስቀምጡት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ናታሊያ ዛይትሴቫና ባልደረቦቿ መፍትሔውን አሳዩ። ፒፒኦውን ወደ 30 በመቶ ግድም ከፍ ማድረግ። ሞለኪውሎቹ ሲጠጋጉ ጉልበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይሄዳል። የመርካቶ ወዛደሮች ካርቶን ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉት ማለት ነው። ሰው ሰው አጠገብ ካልቆመ ካርቶኑ መሬት ይወድቃል።

ከዚያ ወዲህ ኤልጀን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኢጄ 299-33፣ በኋላም ኢጄ 276 በሚል ስም ለገበያ አቅርቦታል። ስታዝዙ «ፐልስ ሼፕ ዲስክሪሚኔሽን» (በፐልስ ቅርጽ መለየት) የሚችለውን ነው የምንፈልገው ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ሲሊንደር ይበቃል። ትልቅ ሲሆን ብርሃኑ ውስጥ ለውስጥ ሲንከራተት መለያየቱ ይደክማል።

ማጽዳት፣ ማጣበቅ፣ መጠቅለል

ፕላስቲኩን በባዶ እጅ አትንኩት። የእጅ ቅባት ላዩ ላይ ከቆየ ጥቃቅን ስንጥቆች ያወጣል። ጓንት አድርጉ። ከቆሸሸ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፤ በማይቧጭር ጨርቅ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አድርቁት። አሴቶን ፈጽሞ አታስጠጉት፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙውን ጊዜ ያው አሴቶን ነው። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ማሞቂያ አጠገብም አታስቀምጡት። ፒፒኦ የበዛበት ፕላስቲክ ከተራው ይልቅ ለስለስ ይላል።

ብርሃኑን የሚያነበው፣ ደካማውን ብልጭታ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው ፎቶመልቲፕላየር ቲዩብ ነው። ከፕላስቲኩ ጋር የሚገናኙት በሲሊኮን ኦፕቲካል ቅባት ነው። የስንዴ ቅንጣት ታክል መሃሉ ላይ አድርጉ። አትቀቡት፤ ጠብታውን ብቻ ጣሉት። ከዚያ ፕላስቲኩን ከላይ አሳርፋችሁ በቀስታ እየተጫናችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ቅባቱ ከመሃል ወደ ዳር ሲሄድ ይታያችኋል። አረፋ ካለ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ሆኖ ያፈጥባችኋል። አረፋ ካያችሁ ንቀሉት፣ ጥረጉት፣ እንደገና ጀምሩ። እኔ አንድ ጊዜ «ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች» ብዬ አልፌያት ብርሃን ጎደለኝ፤ ሥራውን ሁሉ አፍርሼ እንደ አዲስ ጠቀለልኩት።

ለመጠቅለያ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ከበቂ በላይ ነው። ብርሃንን ጥሩ አድርጎ ይመልሳል። ከቲዩቡ ጋር ከሚገናኘው ፊት በቀር ዙሪያውን አራት አምስት ዙር ጠቅልሉት። በላዩ ፎይል፣ በፎይሉ ላይ ጥቁር ናስትሮ። ናስትሮውን ልገዛ መርካቶ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ወፍራሙን ጥቁር ናስትሮ ይስጡኝ» አልኳቸው። «ለመብራት ነው?» አሉኝ። «ኧረ ለጨለማ ነው» ስላቸው ትንሽ አዩኝና አንድ ተጨማሪ መረቁልኝ። ቀጭኑን ናስትሮ እንዳትገዙ። መስኮት ላይ ይዛችሁ ዕዩት፤ ብርሃን ካሳለፈ ተዉት። ሲጠቀለል እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን። ቲዩቡና ፕላስቲኩ የሚገናኙበትን አንገት ሦስት ጊዜ ደግማችሁ እሠሩት። የኔዋ ክፍተት እዚያ ነበረች።

ጨለማውን መፈተን

ቲዩቡ ቮልቴጅ ላይ እያለ የክፍል ብርሃን ካገኘው ሊቃጠል ይችላል። ሳይጠቀለል ፈጽሞ አታብሩት። ቮልቴጅ ሳይኖርም ቢሆን ለብርሃን ተጋልጦ የቆየ ቲዩብ ለጥቂት ሰዓት ይረበሻል። ዛሬ ጠቅልላችሁ ነገ ብትለኩ ይሻላል።

ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ። ከአምራቹ ወሰን አትለፉ፤ ብዙ ቲዩቦች 1,000 ቮልት አካባቢ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ እዚህ ቶሎ ይተፋል። ማገናኛዎቹ አቧራና እርጥበት እንዳይኖርባቸው። ትስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አውርዱት።

ከዚያ የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ በሰከንድ ስንት ፐልስ እንዳለ መዝግቡ። መብራቱን አብሩ፣ እንደገና መዝግቡ። በመጨረሻ የስልካችሁን መብራት አስጠግታችሁ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ቁጥሩ ንቅንቅ ካለ ቀዳዳ አለ። ይህን ፈተና ፀሐይ መስኮቱ ላይ ባለችበት ሰዓት ድገሙት።

ገመድና መብራት

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ አንዲት ነገር ግን ትጠብቃለች። ከቲዩቡ የሚወጣው ገመድ ኦሲሎስኮፑ (ምልክቱን በስክሪን የሚያሳየው) ወይም ዲጂታይዘሩ (ምልክቱን ወደ ቁጥር የሚቀይረው) ጋ ሲደርስ በ50 ኦም ሬዚስተር መዘጋት አለበት። ካልተዘጋ ምልክቱ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ገመድ ውስጥ ምልክት አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ናት። 5 ሜትር ገመድ ሄዶ መመለሱ 50 ናኖሰከንድ ማለት ነው። 50 ናኖሰከንድ ደግሞ ጅራቱን የምንፈልግበት ቦታ ላይ ልክ ያርፋል። ማንም ያልፈጠረው ጅራት አገኛችሁ ማለት ነው።

መሣሪያዎቹን ሁሉ አንድ ዲቫይደር ላይ፣ ግራውንድ ባለው ሶኬት ሰኩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዘል ዩፒኤስ የግድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለክታችሁ ጠዋት ስትመጡ መብራቱ ሦስት ጊዜ ሄዶ እንደነበር ከማወቅ የከፋ ነገር የለም።

ዲጂታይዘሩ በሰከንድ 250 ሚሊዮን ወይም 500 ሚሊዮን ጊዜ የሚያነብ ቢሆን ይመረጣል፤ ማለትም በየ4 ወይም በየ2 ናኖሰከንዱ። 125 ሚሊዮኑ ዋጋው ቀላል ነው፤ ለመማሪያም ይሆናል። ትንንሾቹ ፐልሶች ላይ ግን ይደክማል። ከቲዩብ ይልቅ ሲሊኮን ፎቶመልቲፕላየር የሚመርጡም አሉ። ወደ 30 ቮልት ብቻ ስለሚፈልግ ከአደጋ ይሻላል፤ ሙቀት ሲለዋወጥ ግን ጠባዩ አብሮ ይለዋወጣል።

ኃይሉን በቁጥር ማስቀመጥ

ፕላስቲክ ውስጥ ጋማ ጉልበቱን ሁሉ ጥሎ የሚቀርበት ጊዜ እምብዛም ነው። ስለዚህ እንደ ሌሎች ዲቴክተሮች ሹል ጫፍ አትጠብቁ። የምታገኙት ኮምፕተን ጠርዝ የሚባለውን ነው፤ ሜዳ መሳይ ነገር በድንገት እንደ ገደል የሚያበቃበት ቦታ። ሲዚየም 137 የሚያወጣው ጋማ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ይህን የጉልበት መለኪያ ከዚህ በኋላ ኬቪ እለዋለሁ። ጠርዙ 477 ኬቪ ላይ ነው። ሶዲየም 22 ሁለት ጠርዝ ይሰጣል፣ 341 እና 1,062 ኬቪ። በእነዚህ ሦስት ነጥቦች መስመር ታሰምራላችሁ። ገደሉ ስለሚዳፋ ትክክለኛውን ቦታ ማንበብ ያጨቃጭቃል። ብዙዎች ከጉብታው በስተቀኝ፣ ቁመቱ ወርዶ የጉብታው 80 በመቶ የሚሆንበትን ይወስዳሉ። የመረጣችሁትን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አትቀያይሩ።

የተፈቀደ ምንጭ በእጃችሁ ከሌለስ? ፖታሲየም አለ። ተፈጥሯዊ ፖታሲየም ውስጥ ፖታሲየም 40 ስላለ 1,461 ኬቪ ጋማ ያወጣል፤ ጠርዙ 1,243 ኬቪ አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ንጹህ ፖታሲየም ክሎራይድ በሰከንድ ወደ 1,700 ጋማ ይሰጣል። ዳሎል ላይ በሚገኘው ፖታሽ ውስጥም አለ። አሞሌ ጨው ግን አይረዳችሁም፤ እሱ ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በከረጢት አድርጋችሁ ዲቴክተሩን ክበቡትና ሌሊቱን ተዉት።

ከሰማይ የሚወርዱት ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶችም ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ። በባሕር ወለል ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ያልፋል። ፕላስቲክ ውስጥ በየሴንቲ ሜትሩ 2 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (2,000 ኬቪ) ገደማ ይጥላሉ። 5 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ያለፈ ሙዮን 10 ሜጋ አካባቢ ጉብታ ያበቅላል። ስክሪናችሁ ይህን እንዲያሳይ ቮልቴጁን ልክ አድርጉት፤ በጣም ከፍ ካለ ጉብታው ከጣሪያ በላይ ያመልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እነዚህ ኬቪዎች የኤሌክትሮን ብርሃን ናቸው። ፕሮቶን በአጭር መንገድ ላይ ስለሚያጭቅ ብርሃኑ ይታፈናል። 1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን የሚሰጠው ብርሃን፣ እኩል ጉልበት ያለው ኤሌክትሮን ከሚሰጠው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ከ300 ኬቪ በታች ያለውን ቆርጬ ጣልኩ» ስትሉ፣ 1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የነበራቸውን ኒውትሮኖች ሁሉ አብራችሁ ጣላችሁ ማለት ነው።

ጅራቱን ማስላት

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፐልስ ሁለት ድምር ትይዛላችሁ። አንደኛው ከመነሻው እስከ 400 ናኖሰከንድ ያለው ጠቅላላ ነው። ሁለተኛው ከ40 እስከ 400 ናኖሰከንድ ያለው ጅራት ነው። ጅራቱን ለጠቅላላው አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ለጋማ ዝቅ፣ ለኒውትሮን ከፍ ይላል። በአግድሙ ጉልበቱን፣ በቁሙ ይህን ቁጥር አድርጋችሁ ነጥብ ስትጥሉ ሁለት ደመና ይወጣል። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ ከሃያ መስመር አይበልጥም። 40 የምትለዋ ቁጥር ቅዱስ አይደለችም። ከ20 እስከ 60 እያንቀሳቀሳችሁ ደመናዎቹ በጣም የሚራራቁበትን ፈልጉ።

አሁን የብዙ ሰው ወጥመድ። ፐልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለው ጠፍጣፋ መስመር ዜሮ መሆን አለበት። የእሱን አማካይ ወስዳችሁ ከሁሉም ትቀንሳላችሁ። በአንድ ነጥብ፣ ማለትም ዲጂታይዘሩ በሚቆጥርበት ትንሿ አሃድ፣ ብትሳሳቱስ? በእጃችን እንሥራው። በየ2 ናኖሰከንዱ ስናነብ 400 ናኖሰከንድ ማለት 200 ንባብ ነው፤ ጅራቱ 180 ንባብ ነው። አንድ ትልቅ የጋማ ፐልስ ጠቅላላው 10,000፣ ጅራቱ 1,500 ይሁን። 0.15 ነው። የአንድ ነጥብ ስሕተት ሲጨመር 1,680 ለ10,200 ይሆናል፤ 0.165። አይጎዳም። ትንሽ ፐልስ ግን ጠቅላላው 2,000፣ ጅራቱ 300 ይሁን። ያው 0.15 ነው። ስሕተቱ ሲጨመር 480 ለ2,200፣ ማለትም 0.218 ይሆናል። ምስኪኑ ጋማ ወደ ኒውትሮኑ ሰፈር ተሻገረ። የዜሮ መስመሩን ቢያንስ ከ50 ንባብ አማካይ ውሰዱ፤ መስመሩ የተንቀጠቀጠበትን ፐልስ ጣሉት።

ምን ያህል እንደተለያዩ በአንድ ቁጥር የሚነገርበት ልማድ አለ። የሁለቱን ጉብታዎች ርቀት፣ በግማሽ ቁመታቸው ላይ ላላቸው ስፋት ድምር ማካፈል ነው። ጋማው 0.15፣ ኒውትሮኑ 0.25 ላይ ቢሆን፣ ስፋታቸውም 0.03 እና 0.04 ቢሆን፣ 0.10 ለ0.07 ወደ 1.43 ይመጣል። 1.27 እና ከዚያ በላይ ጥሩ መለያየት ነው ይባላል። ይህን ቁጥር ለመላው መረጃ በአንድ ላይ አታውጡ። በጉልበት ቆራርጣችሁ ለየብቻ አውጡት፤ ከ100 እስከ 200 ኬቪ፣ ከ200 እስከ 400፣ ከ400 እስከ 800። ታች ሲወርድ ሁለቱ ደመናዎች ተቃቅፈው ታገኟቸዋላችሁ። እዚያ መስመር ማስመር ራስን ማታለል ነው።

መጀመሪያ ጋማ ብቻ

ኒውትሮን ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ጋማ ብቻ የሚሰጥ ምንጭ አስቀምጡ። ሲዚየም ቢሆን፣ ፖታሲየም ቢሆን። ኒውትሮን የሚለው ሰፈር ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ካልሆነ ችግሩ የናንተ ነው። ፕሮግራሙ የቆጠራቸውን ሐሰተኛ ኒውትሮኖች ፐልሳቸውን አንድ በአንድ አውጥታችሁ በዓይናችሁ ዕዩአቸው። እኔ ሃምሳ ያህል አያለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከማንኛውም ፕሮግራም በላይ ያስተምራል።

አብዛኞቹ ሁለት ጉብታ ያላቸው ሆነው ታገኛላችሁ። አንዱ ጋማ ሳያልቅ ሌላው ተደርቦበት ነው። ሁለተኛው ጋማ የመጀመሪያው ጅራት መስሎ ይቆጠራል። በሰከንድ 10,000 ፐልስ ካለና ድምሩን የምንይዝበት ጊዜ 400 ናኖሰከንድ ከሆነ፣ የመደረብ ዕድሉ 0.4 በመቶ ነው። ትንሽ ትመስላለች። ግን በሰከንድ 40 ሐሰተኛ ኒውትሮን ማለት ናት። ቆጠራውን ወደ 1,000 ብታወርዱት በሰከንድ 0.4 ብቻ ይቀራል። ቆጠራው አሥር እጅ ሲቀንስ ሐሰቱ መቶ እጅ ይቀንሳል። ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ምንጩን ከ10 ሴንቲ ሜትር ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማራቅ ነው። «ቶሎ ብዙ ቆጠራ ላግኝ» ብሎ ምንጩን ማስጠጋት ነው የጀማሪ በሽታ።

ሙዮኖቹንም አትርሷቸው። ጉልበታቸው ትልቅ ቢሆንም ጉዟቸው እንደ ኤሌክትሮን የተበተነ ነው። ስለዚህ በጋማው መስመር ላይ መውደቅ አለባቸው። ወደ ኒውትሮኑ ካዘነበሉ ትልልቆቹ ፐልሶች ጣሪያ እየነኩ ጫፋቸው እየተቆረጠ ነው።

ከዚያ ምንም ምንጭ ሳይኖር አንድ ሙሉ ቀን ለኩ። ሁሉ ነገር ትክክል ሆኖም ጥቂት ኒውትሮኖች ይገኛሉ፤ እነዚህ ከኮስሚክ ጨረር (ከሕዋ ከሚመጣው) የተገኙ እውነተኞች ናቸው። ስለ አዲስ አበባ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ከፍታችን ቁጥራቸውን ሽቅብ ይገፋል፤ ለመግነጢሳዊው ምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ደግሞ ቁልቁል ይጎትታል። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመግነጢስ መከታተያ ጣቢያ የኖረውም በዚሁ ቅርበት የተነሣ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር ያገኛችሁትን የጀርባ ቆጠራ (ያለ ምንጭ የሚቆጠረውን) ቁጥር እንዳለ አትገልብጡት። የራሳችሁን ለኩ።

ኒውትሮን ፊት መቆም

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የኒውትሮን ምንጭ የሚነካው ፈቃድ ባለው ተቋም ውስጥ፣ የጨረር ጥበቃ ኃላፊው ባለበት፣ ዶዚሜትር (ሰው ያገኘውን ጨረር የሚለካ) አድርጎ ብቻ ነው። የመንገድ መለኪያ መሣሪያ ተከፍቶ ወይም ተጥሎ ብታገኙ አትንኩት፤ ራቁና ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አሳውቁ።

የሚያጋጥሟችሁ ሁለት ናቸው። ካሊፎርኒየም 252 በአማካይ ወደ 2 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኒውትሮን ይሰጣል፤ ግማሽ ዕድሜው (በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 2.65 ዓመት ስለሆነ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለውን ቀን ዕዩ። አሜሪሺየም ቤሪሊየም በአማካይ ከ4 ሜጋ በላይ ይሰጣል፤ ከ4.4 ሜጋ ጋማ ጋርም ይመጣል። አሜሪሺየሙ ራሱ 60 ኬቪ የሚሆኑ ጋማዎችን ያጎርፋል። ሁለት ሚሊ ሜትር የእርሳስ ቆርቆሮ መሃል ላይ አቁሙ። ያ ጎርፍ ይገታል፤ መደራረቡም ይቀንሳል።

ለክታችሁ ላይኛው ደመና ከወጣ ገና አትጨፍሩ። ሁለት ነገር በየተራ መሃል ላይ አስገቡ። መጀመሪያ 5 ሴንቲ ሜትር እርሳስ። ጋማው ደመና በጣም መሳሳት አለበት፤ ኒውትሮኑ ከጋማው በጣም ባነሰ መጠን ነው የሚቀንሰው። ቀጥሎ እርሳሱን አንሡና ውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አቁሙ። አሁን በተቃራኒው ኒውትሮኑ ነው የሚመታው፤ ውኃው ሃይድሮጅን ስለሞላበት። ጋማው በዚያው ልክ ካልቀነሰ ወይም ትንሽ ከጨመረ አትደንግጡ። ውኃው ውስጥ የቀዘቀዘውን ኒውትሮን ሃይድሮጅን ሲይዘው 2.2 ሜጋ የሆነ አዲስ ጋማ ይወለዳል። ላይኛው ደመና እርሳስ ሲገባ ከጋማው በተሻለ ቆይቶ ጀሪካን ሲገባ ከጋማው ይልቅ ከቀነሰ፣ ኒውትሮን ነው። እርሳስ ሲገባ ከጋማው ጋር አብሮ ከጠፋ ያያችሁት የጋማ መደራረብ ነው። ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቮልቴጁን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ አውርዱ፤ ገመዱን ከመንቀላችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ደብተር ላይ የምጽፈው ይህን ነው፦ ቀንና ሰዓት፣ ቮልቴጅ፣ ጅራቱ የጀመረበት ናኖሰከንድ፣ በሰከንድ ስንት ፐልስ እንደነበረ፣ ጋማ ብቻ ባለበት የተቆጠሩ ሐሰተኛ ኒውትሮኖች፣ መብራት ሄዶ እንደሆነ። ከኅዳር ወዲህ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። መጋረጃ፦ ክፍት ወይስ ዝግ።